ያልማለው ምስክር

ጥቅምት ፱ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.
ከጉና ግርጌ፣ ደብረ ታቦር

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዘመኑ፣ ስዊድን፣ ጎተንበርግ፤

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ፤ የሚካኤል ክንፍ ይጋርድህ። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ አጎትህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ዳገት ላይ እንጂ ማሕሌት ላይ አይለግምብኝም፤ ስለዚህ ታርቀናል። አክስትህ ስመኝ ደህና ናት፤ "ወፍራም ካልሲ ይልበስ በሉልኝ" ብላለች። ገብሱ ዘንድሮ አምሯል። ድንቹን ግን ከትናንት ወዲያ ውርጭ መታው፤ የጉናን ጠባይ ታውቀው የለ።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ስለ ጥሩነሽ ነው። የእኅታችን ልጅ ከቤይሩት በሐምሌ እንደገባች ጽፌልህ ነበር። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ አንድ ሻንጣና አንድ የወገብ ሕመም ይዛ መጣች። ስትሄድ ሁለት ጥማድ መሬቷን ለጎረቤታችን ለእሸቴ በእኩል ሰጥታው ነበር፤ እሱ ሊያርስ፣ ምርቱን ከአባቷ ከካሳው ጋር ሊካፈል። ካሳው እስኪሞት ድረስ እሸቴ አንድም ዓመት ድርሻውን አላጎደለም። ካሳው ከሞተ ወዲህ ግን እጁን ሰበሰበ። አሁን "መሬቴን" ብትለው "ጥለሽው ነው የሄድሽ፤ ድንጋዩን የለቀምኩት እኔ፣ ግብሩን የገበርኩት እኔ" አላት።

በሌላ ዓመት ቢሆን ቀስ ብለን እናስማማቸው ነበር። ዘንድሮ መንግሥት መሬቱን እያስለካ ለባለይዞታው ፎቶግራፍ ያለበት ደብተር ይሰጣል። የመሬት ኮሚቴው "ክርክር ያለበትን ሽማግሌ ይጨርሰው፤ እስከ የካቲት መጨረሻ ካላለቀ አሁን በሚያርሰው ሰው ስም እንመዘግባለን" ብሏል። አንዴ በደብተር ከሰፈረ ማን ይፍቀዋል? ልጂቱ ከዚያች መሬት ሌላ በዓለም ላይ ምንም የላትም።

ስምምነቱን ያዩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ካሳው፣ እማሆይ ፈንታነሽና አንተ። ሁለቱ አፈር ሆነዋል። የቀረኸው አንተ ነህ።

እንደምታውቀው በእኛ ዘንድ የመሬት ምስክር በሚካኤል ደጅ ቆሞ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ ይምላል። አንተ ባሕር ማዶ ስለሆንክ አያ ሞላና ሌሎቹ ሽማግሌዎች መክረው "እዚያ ባለው በእኛው ቤተ ክርስቲያን፣ በካህን ፊት ይማል፤ ካህኑ ይፈርምበት፣ ማኅተም ይረፍበት፤ እንቀበለዋለን" ብለዋል። ይህን ያህል ያመቻቹት ስለ እኔ ብለው ነው። እንግዲህ ያየኸውን ጽፈህ፣ ምለህ፣ አስመትተህ ፈጥነህ ላክ።

የአባቶችህ አምላክ ያስብህ።
አጎትህ መሪጌታ አስማማው


ኅዳር 12 ቀን 1998 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ አስማማው፤

እንደምን ከርመዋል? እትዬ ስመኝስ እንደምን ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ካልሲውም ወፍራም ነው። እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይመሻል። ትራም የሚሉትን የከተማ ባቡር ጠዋት በጨለማ አስነስቼ ማታ በጨለማ አቆማለሁ።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ተቀምጬ ይህን ጻፍኩ። ለሽማግሌዎቹ ያንብቡልኝ።

"እኔ ዘመኑ ዋልልኝ በሰኔ ወር 1991 ዓ.ም. ደብረ ታቦር መምህር ሳለሁ፣ ጥሩነሽን ልሰናበት ወደ መንደር መጥቼ ነበር። ከወንዙ በላይ ባለው መሬቷ ድንበር ላይ ጥሩነሽ፣ አባቷ ካሳው፣ እማሆይ ፈንታነሽ፣ እሸቴና እኔ ነበርን። እሸቴ ቦይ ውስጥ የወደቀች ጠቦት አውጥቶ በብብቱ ይዞ ነበር፤ ጭቃው ሸሚዙን አበላሽቶት ስንስቅበት አስታውሳለሁ። ጥሩነሽ 'በእኩል እረሰው፤ ድርሻዬን ለአባቴ ስጥልኝ፤ ስመለስ እረከብሃለሁ' አለችው። እሱም 'እሺ፣ አደራሽን እጠብቃለሁ' አላት። ከዚያ 'ይህን ሁሉ ድንጋይ ለቅሜ፣ እርከን ሠርቼ ወዲያው ብትነጥቂኝስ?' ሲል ጠየቃት። እሷም 'ከተመለስኩ በኋላ ሁለት መከር በእኩል ታርሳለህ፤ የድካምህ ይሁን' አለችው። ተጨባብጠው ተለያዩ። ያየሁትና የሰማሁት ይህ ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።"

ከታች ፈርሜበታለሁ። ስለ ማኅተሙ ያሉኝን አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከምኖርበት ትንሽ ይርቃል፤ የሥራ ፈረቃዬም አይመችም። ሽማግሌዎቹ ስለሚያውቁኝ ቃሌ ይበቃቸዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥሩነሽን ወገቧን ሐኪም እንድታሳይ ይንገሩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ ዘመኑ


ታኅሣሥ ፲፰ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.

ለዘመኑ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤህን ሽማግሌ ፊት ይዤ ቀረብኩ። ገና ሳላነብ አያ ሞላ ወረቀቱን ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና "ማኅተሙ የታለ?" አሉኝ። እሸቴ ከወዲያ ማዶ ብድግ ብሎ "እውነት ቢሆን ይምል ነበር! የእውነት ምስክር መሐላ ይፈራል ወይ?" አለ። ሰዉም አጉረመረመ። በእኛ አገር ማል ተብሎ ያልማለ ሰው ምን እንደሚባል አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። ጥሩነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ወጥታ ሄደች። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በሚካኤል ደጅ አንገቴን ደፍቼ ስገባ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

"ይርቃል" ትላለህ። አንተ እኮ ባቡር ነጂ ነህ! አገሩን ሁሉ ስታደርስ ትውላለህ፤ ራስህን ማድረስ አቃተህ?

ሌላም አለ። ሁለት መከር የምትለውን ነገር ምን ልትሠራበት ጻፍከው? ማን ጠየቀህ? እሸቴ እንኳ አላነሳውም። አሁን ስትምል እሱን ተወው፤ ሰርዘው። ለጠላት ስንቅ አታቀብል። የሚያስፈልገን "በእኩል ሰጥታዋለች" የሚለው ብቻ ነው።

ደግሞም ልጠይቅህ። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤህ ላይ "ደህና ነኝ" ትላለህ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" የምትለው ግን ቀርቷል። መጀመሪያ ችኮላ ነው አልኩ። ቀጥሎ የፈረንጅ አገር አጻጻፍ ነው አልኩ። አሁን ግን ሌሊት ኪዳን ላይ ቆሜ እሱን ሳስብ ዜማው እየጠፋኝ ነው። ምን ሆነሃል? ንገረኝ።

እስከ የካቲት ማለቂያ ያለው ጊዜ ጥቂት ነው።

አጎትህ


ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? በእኔ ምክንያት በሰው ፊት አንገት ስለደፉ ከልቤ አዝኛለሁ። እንደዚያ ይሆናል ብዬ አስቤ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ደብዳቤ አላድበሰብስም ነበር።

አጎቴ፣ አላምንም። እግዚአብሔር አለ ብዬ አላምንም። ይህን ቃል በአማርኛ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ ከበደኝ። የከበደኝ እርስዎን ስለምወድ ነው እንጂ ስላፈርኩበት አይደለም።

ማን አሳተው ይሉ ይሆናል። ማንም። ደርግ ሲወድቅ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የእነሱ ትምህርት በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ስዊድኖቹም አልሰበኩኝም፤ እነዚህ ሰዎች ከግድግዳ ጎረቤታቸው ጋር ሳይነጋገሩ ዓመት የሚያሳልፉ ናቸው፣ እኔን የሚሰብኩበት ጊዜ የላቸውም። እንዲያውም እውነቱን ልንገርዎትና የተጀመረው ከእርስዎ ዘንድ ነው። ዳዊት ስደግም ጥያቄ አበዛ ነበር። ሌሎቹ መምህራን በአለንጋ ሲመልሱልኝ እርስዎ "እሱን እኔም አላውቀውም" ይሉኝ ነበር። የማያውቀውን አውቃለሁ የማይል ሰው ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አሰብኩ፤ የደረስኩበት ይህ ነው። እርስዎ የደረሱበት ሌላ ነው። በእርስዎ መድረሻ ስቄ አላውቅም፤ ሲስቁበት ብሰማም ዝም አልልም።

ቤተ ክርስቲያኑ ይርቃል ያልኩዎት ውሸት ነው። ከቤቴ ሦስተኛው ፌርማታ ነው፤ በቀን ስምንት ጊዜ በደጁ አልፋለሁ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ያለችው ውሸት እሷ ብቻ ናት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው። ለፋሲካ አዳራሽ ሲከራዩ ወንበር የማጓጉዝላቸው እኔ ነኝ። ስለ እምነቴ ጠይቀውኝ አያውቁም። የፊታችን እሑድ ሄጄ እጄን መስቀሉ ላይ ባደርግ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱ ማኅተም ያርፍበታል። እኔን ምንም አያስከፍለኝም።

ችግሩም ይኸው ነው። እኔ የማልፈራውን ነገር እንደምፈራ አስመስዬ ባቀርብ አያ ሞላን ማታለሌ ነው። እናንተ የምትንቀጠቀጡለትን በር እኔ እንደ ቢሮ ማኅተም መጠቀሜ ነው። ይህን አላደርግም፤ ለጥሩነሽም ቢሆን። የሰጠሁት ቃል እውነት ነው። ከዚያ በላይ የምሰጠው የለኝም።

ሁለቱን መከርም አልሰርዝም። ጥሩነሽ ብላለች፤ እኔ ሰምቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከፈለጉ ለሽማግሌዎቹ ያንብቡት፤ ከፈለጉም ያቃጥሉት። ጥሩነሽ በእኔ ምክንያት መሬቷን ካጣች ዕድሜ ልኬን ይጸጽተኛል። ከቤተ ዘመድ የሚያስወጣኝ ከሆነም ይንገሩኝ፤ እንዳላውቀው አያድርጉኝ። የማላምን ሆንኩ እንጂ የእናንተ አለመሆኔ አይደለም።

ልጅዎ ዘመኑ


የካቲት 20 ቀን 1998 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ይድረስ ለአጎቴ ለመሪጌታ አስማማው፤

ደህና ነዎት? ጥር ላይ ለጻፍኩት መልስ አላገኘሁም። ፖስታው ይሁን እርስዎ ይሁኑ አላወቅሁም። በየቀኑ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው የፖስታ ሳጥኑን ነው።

ሊቆጡኝ መብት አለዎት። የጥሩነሽን ነገር ብቻ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ። ወሩ እያለቀ ነው።

ዘመኑ


መጋቢት ፲፫ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.
ከጉና ግርጌ

ለወንድሜ ልጅ ለዘመኑ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሁለቱም ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ የመጀመሪያው የካቲት ፬፣ ሁለተኛው ትናንት። ያልመለስኩት ፖስታው ጠፍቶ አይደለም። መመለስ ስላቃተኝ ነው።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ደብረ ታቦር ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ተቆጣሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ማታ እቤት ስገባ አክስትህ ፊቴን አይታ "ልጁ ሞተ እንዴ?" አለችኝ።

"የለም፣ ደህና ነው" አልኳት።

"ታሟል?"

"አልታመመም።"

"እንግዲያ ምን ያስለቅስዎታል?" አለችና እራቴን አቀረበች።

ኃጢአቴን ልንገርህ። ጽሕፈቴን ታውቃለህ፤ የማንንም እጅ አስመስላለሁ። የኅዳሩን ደብዳቤህን በአንተ እጅ እንደገና ጽፌ 'አሁን ምሎ ላከው' ብል ማን ያውቅብኛል? "በቅዱስ ሚካኤል ስም በካህን ፊት ምያለሁ" የምትል አንዲት መስመር ትበቃ ነበር፤ ማኅተም ደግሞ የሚያደርግልኝ ደብር አላጣም። ብዕሬን ቀለም ነክሬ ይዤ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የመታኝ። አላምንም ያልከኝ አንተ "ሁለቱን መከር አልሰርዝም" ስትል፣ አርባ ዓመት ማሕሌት የቆምኩት እኔ "ሰርዘህ ማል" ብዬህ ነበር። ብዕሩን ጠርጌ አስቀመጥኩት።

የካቲት ፳፮ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌው በሚካኤል ግቢ ጥዱ ሥር ተቀመጠ። የመጨረሻው ቀጠሮ ነበር። መንደሩ አንድም ሰው አልቀረ። ጥሩነሽ ከሴቶቹ ጋር፣ እሸቴ ከወንድሞቹ ጋር። ተነሳሁና የኅዳሩንም የጥሩንም ደብዳቤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩ። "አላምንም" የምትለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። ያማተቡ ነበሩ። አንድ ዲያቆን ትቶ ወጣ። "ውሸቷ እሷ ብቻ ናት" የምትለው ላይ ደግሞ የሳቁ ነበሩ፤ እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ።

እሸቴ ዘሎ ተነሳ። "ይኸው! ከሀዲ ነው! የከሀዲ ቃል በሚካኤል ደጅ ይሰማል ወይ?"

"ዝም በል፤ ተቀመጥ" አሉት አያ ሞላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "መሪጌታ፣ ይህ ልጅ የሚፈራው ከሌለ ማል ሲሉት ምን ይከለክለዋል?" አሉኝ።

"ምንም" አልኩ።

"ታዲያ ለምን አልማለም?"

"እናንተን ላለማታለል ብሎ ነው።"

አያ ሞላ ሲያስቡ ጢማቸውን እንደሚጎትቱ ታስታውሳለህ? ጎተቱ፣ ጎተቱና እንዲህ አሉ፦ "ባለፈው ጊዜ ባለ ሱቋ ዙለይካ ስትመሰክርልን የእኛን በር አላስያዝናትም። በራሷ እምነት ማለች፤ ተቀበልናት። ይህ ልጅ ደግሞ የሚምልበት የለውም። የለኝም ብሎ ነገረን። ቢደብቀን ኖሮ ዛሬ በማኅተሙ ተደስተን ቤታችን እንገባ ነበር። ደግሞስ የገዛ ዘመዱን የሚጎዳውን ሁለት መከር ማን አስጻፈው?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም። "አያ ሞላ፣ እኔ ሰርዘው ብዬ ጽፌለት ነበር፤ እንቢ አለኝ" አልኩ። ያ ሁሉ ሰው እኔን አየኝ። ተማሪዎቼ ሁሉ እዚያ ነበሩ። ያቺን ቃል ከአፌ ከማውጣት ጉናን በእንብርክኬ መውጣት ይቀለኝ ነበር፤ ካወጣኋት በኋላ ግን ትከሻዬ ቀለለ።

አያ ሞላ ወደ እሸቴ ዞሩ። "እሸቴ፣ አንተ የምታምን ነህ። በሩም ያው። ያዘውና 'ጥላልኝ ሄዳለች' በል። ካልክ መሬቱ የአንተ ነው፤ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅህም።"

እሸቴ ጫማውን አወለቀ። ጋቢውን አስተካክሎ ደረጃውን ወጣ። እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። ዘመኑ፣ እጁ በሩ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ከጥዱ ላይ የቁራ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች። እንደዚያ እንደቆመ ቆየና እጁን መለሰ። ወርዶ አያ ሞላ ፊት ተንበረከከ።

"አልችልም" አለ። "ስድስት ልጅ አለኝ፤ መሬቴ ጠባብ ነው። አፈሩ ጣፈጠኝ፣ ለመድኩት። በሚካኤል ላይ ግን አልችልም። ልጁ እንደጻፈው ነው። ጠቦቷም እውነት ናት።"

ስንት ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን አክብሬው አላውቅም። አንተ የማታምንበትን አልምልም አልክ፤ እሱ በሚያምንበት በሐሰት አልምልም አለ። ሁለታችሁንም በአንድ ቀን በዚያ ግቢ አየሁ። መንደሬ እንዲህ ያለ ሰው ያፈራል ብዬ ኮራሁ፤ አልደብቅህም።

ጥሩነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። "ሁለቱን መከር ያርሳል፤ ያልኩትን ብያለሁ" አለች። ሽማግሌው መረቀ። ኮሚቴው በማግስቱ መዘገባት። ለደብተሩ ፎቶግራፍ ስትነሳ ፎቶ አንሺው ሳቂ ቢላት እንቢ አለች፤ "መሬት የሳቅ ነገር አይደለም" ብላ። አሁን እሸቴና እሷ ለድንች እያረሱ ነው። ትናንት ስለ ዘሩ ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው፤ እንደ ድሮው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ተሳስተሃል። እስክሞት ድረስ ተሳስተሃል እልሃለሁ። አንተም በልብህ እኔን እንዲሁ ትላለህ፤ አውቃለሁ። ስምህን ከጸሎቴ አላወጣም፤ ያ የእኔ ሥራ ነው፣ ፈቃድህን አልጠይቅም። ሐዘኔ ገና አልወጣልኝም፤ ላስመስልልህ አልፈልግም። ከቤተ ዘመድ የሚያስወጣህ ግን ማነው? ያን መስመር ሳነብ ነበር ከሁሉ የተቆጣሁት። እኔን እንዲህ ነው ወይ የምታውቀኝ?

አጎትህ አስማማው


ሚያዝያ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ይድረስ ለተከበሩና ለምወድዎ አጎቴ፤

እንኳን ለፋሲካ በሰላም አደረስዎ። እትዬ ስመኝን፣ ጥሩነሽን እንኳን አደረሳችሁ ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎን የከፈትኩት ነጂዎች ሻይ በምንጠጣበት ክፍል ነው። እሸቴ በሩ ላይ የቆመበት ጋ ስደርስ ወጥቼ በረንዳ ላይ ጨረስኩት። የሥራ ባልደረባዬ ክፉ ወሬ የደረሰኝ መስሎት ተከትሎኝ መጣ። "አጎቴ ነው" አልኩት። "ምን አለ?" ቢለኝ እንዴት ብዬ ልንገረው? አንድ መሪጌታ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ "እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት" ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። "ኮራሁበት" ብቻ አልኩት።

ለእሸቴም ደብዳቤ ጽፌ አብሬ ልኬያለሁ፤ ያንብቡለት። አክብሮቴን ነው የጻፍኩለት፤ ሌላ የለበትም። ለጸሎትዎ ፈቃድ እንደማይጠይቁኝ ጽፈዋል። ቢተዉት ቅር ይለኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ።

ነሐሴ ላይ የአንድ ወር ፈቃድ አግኝቻለሁ። ከስድስት ዓመት በኋላ እመጣለሁ። ቡሄ ላይ እደርሳለሁ። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። በዓሉ ዕለት አገር ሁሉ በሚካኤል ግቢ ይሰበሰባል፤ ደብዳቤዬም በሁሉ ፊት ተነቧል። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሲሆን እርስዎን ያስቸግርዎታል። በዕለቱ ደብረ ታቦር ሆቴል ባድርና በማግስቱ ብመጣ ይሻላል? እንደሚሉት አደርጋለሁ።

ልጅዎ ዘመኑ


ሰኔ ፪ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.
ከጉና ግርጌ

ለዘመኑ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሆቴል የምትለዋን ለአክስትህ አላነበብኩላትም። ባነብላት ኖሮ መልሱን የምትጽፍልህ እሷ ነበረች፤ ያን ደግሞ አትችለውም። መደብህን እያስለቀለቀች ነው። ለእሸቴ የጻፍክለትን አነበብኩለት፤ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፣ ከዚያ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

የቡሄ ዕለት ማሕሌቱ ሲቆም ግባ አትግባ አልልህም። ያ በአንተና በልብህ መሐል ነው። ካልገባህ ግቢው ውስጥ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀመጥ። አያ ሞላ ቦታ ይለቁልሃል፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ እሳቸውም "ስዊድን ውስጥ በሬ አለ ወይ? የምጠይቀው ብዙ ነው" ብለዋል።

እኛ ስንጨርስ እኔ ከካህናቱ ፊት ሆኜ በዋናው በር እወጣለሁ። ሰዉ እጄን ሊስም ይከባል። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ወደ አንተ ነው የምመጣው፤ አቅፌ እስምሃለሁ፤ ከዚያ እጅህን ይዤ በሰዉ መሐል አልፈን ወደ ቤት እንሄዳለን። የሚያይ ይይ። "ይሄ ማነው?" የሚል አይጠፋም፣ እያወቀም የሚጠይቅ አይጠፋም። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው። "የወንድሜ ልጅ ነው፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ" እላለሁ።

አጎትህ አስማማው